በካሴት የተላከ የሞተር ድምፅ

ዛርዚስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1985

ለውድና ለተከበሩ አጎቴ ለዳው ቢን ሳልም፤ ሊዮን

የአላህ ሰላምና ምሕረት ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም እናቴም፣ ከዶሮዎቹና ከጓሮው ተምር ጋር፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን የጎደለ አለና እሱን ልንገርዎ።

ፔጆዋ ታማለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምነዳት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ከረመዳን በኋላ ከሞተሯ አናት መንኳኳት ጀመረች። በፊት ለስለስ ያለ ነበር፤ አሁን ከገበያ ስመለስ ጎረቤቱ ሳያየኝ ነው “ጋልያ መጣች” የሚለው። ጭነት ሲኖርባትም ጉልበት አጥታለች። ጋራዥ ወስጄ ለላሚን አሳየኋት። ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አዳመጠና፣ “ቫልቮቹን የሚገፉት ብረቶች ተበልተው አልቀዋል። እሱን ከምነካካ ሌላ ሞተር ብንገጥም ይሻላል” አለኝ።

“ሌላ ሞተር ከየት አባቴ ላምጣ?” ብለው፣ “እንግዲያው ለብረቷ እኔ እወስድልሻለሁ” አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የወይራ ለቀማው እየደረሰ ስለሆነ የአገሩ መኪና ሁሉ ደጁ ተሰልፎበታል።

የሰፈራችንን ሴቶች ለለቀማ የማመላልሳቸው በእሷ ነው፤ እንደ ሌላው መኪና ያላቸው አይደሉም። ፔጆዋ ከቆመች ፋጥያም፣ የፋጥያ ምራትም፣ እነዚያ ከጉድጓዱ ማዶ ያሉት እህትማማቾችም ዘንድሮ ቤታቸው ይቀመጣሉ። ክረምቱን የሚገፉት ደግሞ በለቀማው ነው።

ንብረቱ የእርስዎ ነው። ሽጪ ካሉኝ እሸጣለሁ። እናቴ ግን “እስቲ ሽጪና ታይኛለሽ” ብላኛለች።

በዓረፋ ዕለት እንደ ድሮው ነጭ ልብሷን ለብሳ ፖስታ ቤት ስልክዎን ስትጠብቅ ዋለች። ሲዘጋባት “ሥራ ይዞት ይሆናል” ብላ መጣች። ይህን ጻፊ ብላኝ አይደለም፤ እኔው ነኝ።

እጅዎን ስሜ፣
የእህትዎ ልጅ ጋልያ

*

ሊዮን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1985

ለልጄ ለጋልያ

ደጃችሁን አላህ ከክፉ ይጠብቀው፤ ዘይታችሁን ያብዛው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ እንጀራም አለ፣ ብርዱ ገና አልመጣም።

አትሽጪያት። ያቺን መኪና በ1971 ከማርሴይ በመርከብ ይዤ ስመጣ አባትሽ ወደቡ ላይ እንደ ሙሽራ ነበር የተቀበላት። ላሚን ያለሽ ልክ ነው፤ የተበላው ላይኛው ክፍል ነው። ነገር ግን አናቷ ስላመማት እግሯን አይቆርጡም። ታችኛው ሞተር ደህና ከሆነ የላዩ ብረት ይቀየራል። ግቢ ውስጥ፣ ከተምሩ ጥላ ሥር፣ አንቺው ትቀይሪዋለሽ። የሙሽራ ልብስ እየሰፋሽ የምትኖሪ ልጅ ነሽ፤ ይህ የሚያቅተው እጅ የለሽም።

መጀመሪያ ግን የቱ እንደተበላ ልወቅ። ድምፁን በደንብ አድርገሽ ጻፊልኝ። እንደ ስፌት መኪናሽ ፈጥኖ ነው የሚንኳኳው ወይስ ረገጥ ረገጥ እያለ? ጠዋት ብርድ ላይ ይብስበታል ወይስ ሲሞቅ? ነዳጅ ስትረግጪ አብሮ ይፈጥናል? አንዱ ምት ከሌሎቹ ይጎላል ወይስ ሁሉም እኩል ነው?

ስልኩ እዚህ ተወዷል፤ ሰልፉም ብዙ ነው። ለእናትሽ ለመስዑዳ እንዲህ በያት፤ ግንባሯንም ሳሚልኝ።

አጎትሽ ዳው

*

ዛርዚስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1985

ለተከበሩ አጎቴ

የቤታችን ሰላምታ ከባሕሩ ማዶ ይድረስዎ፤ ብርዱንም ያቅልልዎ።

ድምፁን ልጽፍልዎ ብዕርና ወረቀት ይዤ ሞተሯ አጠገብ ተቀመጥኩ። “ጠቅ ጠቅ” ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። “ቀጭ ቀጭ” አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ፣ “ዶሮ እህል ስትለቅም ነው የምትመስለው በይው” አለች። በመጨረሻ ከጎረቤታችን ከሐጅ ኽሊፋ ቴፕ ተውሼ ቀዳሁልዎ። ካሴቱ ከደብዳቤው ጋር ነው። መጀመሪያ ገና ሳትሞቅ ነው፤ ቀጥሎ ከሞቀች በኋላ፤ ከዚያ ነዳጅ ስረግጥ። እኔ የተናገርኩት ነገር የለም፤ ሞተሩ ብቻ እንዲሰማ ብዬ።

ልዘጋው ስል እናቴ ቴፑን ከእጄ ወሰደችና “ሂጂ ውጪ” አለችኝ። “ምን ልታደርጊ ነው?” ብላት፣ “ወንድሜን ላናግር ነው። አንቺ የጻፍሽው ሁሉ የአንቺ አፍ ነው፤ ዛሬ በራሴ አፍ ላናግረው” አለች። አጥር ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ረዘም አድርጋ ነው ያወራችው። ስትወጣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። ብቻውን ሆኖ ይስማው ብላለች።

ስለዚህ ካሴቱን ሰው መካከል አይክፈቱት። መልስዎን በጉጉት ትጠብቃለች። እኔም ስለ ሞተሩ እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ጋልያ

*

ሊዮን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1985

ለልጄ ለጋልያ

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለእህቴ።

ካሴቱን ሰማሁት። ብልሃትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቫልቮቹን ከሚገፉት ስምንት ብረቶች ሁለቱ በጣም ተበልተዋል፤ ምታቸው ከሌሎቹ ይከብዳል። ሞተሩ ሲሞቅም መንኳኳቱ የማይለቅ መሆኑ፣ ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ እንደማይበቃ ይናገራል። ቫልቮቹን የሚጫኑት ሮከሮችና የተሰኩበት ዘንግ ይቀየራሉ። ዕቃውን ከአሮጌ መኪና ዕቃ ሻጭ መርጬ ገዝቻለሁ። የኛው አገር ልጅ ሙንጂ በመኪና ስለሚመጣ በእሱ ልኬዋለሁ፤ ሮከር፣ ዘንግ፣ ጥቂት መግፊያ ዘንጎች፣ ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች። ለመስዑዳም የሱፍ ሻርፕ አለበት።

አሁን አንብቢና ልብ በይ። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቅዝ። ክዳኑን ካነሳሽ በኋላ የሮከሩን ዘንግ የያዙትን ዳዶዎች አንዱን ሙሉ በሙሉ አትፍቺ። ከሥር ሞላዎቹ ወደ ላይ ስለሚገፉ፣ አንዱን ለቀሽ ሌላውን ብትይዢ ዘንጉ ይጣመማል። ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያዞርሽ፣ ተራ በተራ። መግፊያ ዘንጎቹን ስታወጪ አትንጠቂያቸው፤ መጀመሪያ በጣትሽ ዙር ዙር አድርገሽ ከተቀመጡበት አላቂያቸው። ዘይቱ ይዟቸው ስለሚቀር፣ ነጥቀሽ ካወጣሻቸው ከታች ያለው ብረት አብሮ ይመጣና ሌላ ጣጣ ነው። የጫማ ካርቶን በስተሽ በየተራቸው ስኪያቸው። እያንዳንዱ ከተቀመጠበት ቦታ ጋር ተላምዷል፤ የአንዱን ለሌላው ብትሰጪ ይጣላሉ። የቤትሽን የመስኮት መስታወት አውርደሽ እላዩ ላይ አንከባሊያቸው። የሚንቀጠቀጠው ጠማማ ነው፤ እሱን በአዲሱ ቀይሪው።

ክፍተቱን ስትለኪ ሞተሩን በማስነሻው ብረት በማኖቬላ በእጅሽ አዙሪ። መለኪያው ብረት ስትስቢው በጣም መላላትም መያዝም የለበትም፤ የስፌት መኪናሽ እግር በስሱ የያዘውን ጨርቅ እንደመሳብ ነው። ለሚያስገባው ቫልቭ ስሱን፣ ጭሱን ለሚያስወጣው ወፍራሙን። ጆሮሽን አትመኚው። ጆሮ ይዋሻል፤ እጅ ግን አይዋሽም።

አላህ እጅሽን ያቅና። ለመስዑዳ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አጎትሽ ዳው

*

ዛርዚስ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1985

ለአጎቴ ለዳው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሙንጂ መጥቶ ዕቃውን ሁሉ አደረሰልን፤ አላህ ይስጥልን። ሻርፑን ለእናቴ ሰጥቻታለሁ።

ሞተሩን ከፈትኩት። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ እንደ ዝፍት ጥቁር ነበር፤ በናፍታ አጥቤ ጨረስኩ። የተበሉት ሮከሮች እርስዎ ያሏቸው ሁለቱ ናቸው። አፋቸው ተጎድጉዶ ጥፍሬን ያስገባል። መግፊያ ዘንጎቹን በመስታወቱ ላይ አንከባለልኳቸው፤ አንዱ እንደ ሰካራም ሄደ። ፋጥያ ቆማ ስታይ ነበርና፣ “ባሌን እዚህ ላይ ብታንከባልዪው ምን ይል ይሆን?” ብላ አሳቀችን።

ላሚን በዚህ ሲያልፍ አየኝ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ ዳዶ ሲጠብቅ ኃይሉን የሚለካውን ረጅሙን ኪያቤ አምጥቶ አዋሰኝ። “ስትጨርሺ መልሺልኝ” ብቻ ነው ያለው።

ደብዳቤዎን ለእናቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። “ሌላ ገጽ የለውም?” አለችኝ። የለውም አልኳት። ካሴቱን ደግመው ሰምተው ሌላ የሚሉት ካለ እንጠብቃለን።

ጋልያ

*

ሊዮን፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1985

ለብርቱዋ ልጄ ለጋልያ

አላህ ቀንሽን ብሩህ ያድርገው። ስለ ሰካራሙ ዘንግ ያልሽውን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ይህ የሠራተኞች ማደሪያ ሳቅ ብዙም አያውቅ።

እንዳልሽኝ ካሴቱን ደግሜ ሰማሁት። ከሁለቱ ሌላ የሚጨመር አላገኘሁም፤ ልብሽን ጥለሽ ሥሪ። አዲሱን ዘንግ ስታስገቢ ትንንሾቹ የዘይት ቀዳዳዎች ወደ ታች ይዩ። ገልብጠሽ ብታስገቢው ዘይት ላይ አይወጣም፤ አዲሱም ብረት ደርቆ ባጭር ጊዜ ያልቃል። ስታስነሺያት ክዳኑን ሳትገጥሚ ይሁን፤ ሮከሮቹ በዘይት ሲርሱ በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ አትመኚ። ደረቅ ከሆኑ ወዲያው አጥፊያት።

መስዑዳ ሻርፑን ወደደችው? ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አጎትሽ ዳው

*

ዛርዚስ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1986

ለአጎቴ ለዳው ቢን ሳልም

ሰላም ለእርስዎ። ሳልጽፍ የቆየሁት በለቀማው ምክንያት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ለቀማውም ነበር፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም።

አስቀድሜ የሞተሩን ልጨርስ። ዘንጉን እንዳሉኝ አስገብቼ፣ ክፍተቱን ሁሉ ለክቼ አስነሳኋት። መንኳኳቱ ጠፋ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን ሮከሮቹን እያየሁ ነበር፤ ደረቁ። ወዲያው አጠፋሁ። ፈትቼ ሳየው ቀዳዳዎቹ በትክክል ወደ ታች ናቸው። ከሞተሩ አናት፣ ከቴስታታው፣ ዘይት የሚወጣበት ቀዳዳ ነው በዚያ ዝፍት የተደፈነው። ሳጥበው ቆሻሻው ወርዶ ተወትፎበታል። በስፌት ሽቦ እየቆፈርኩ፣ በብስክሌት መንፊያ እየነፋሁ ስታገል ዋልኩ። እንደገና ገጥሜ ሳስነሳ ዘይቱ በዘንጉ በኩል ተንጠፍጥፎ ሁሉንም አራሳቸው። ያን ጊዜ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሳትቆም ሴቶቹን አመላልሳለች። ስለዚህ ምስጋናዬ የልብ ነው።

አሁን ግን የእናቴን ልንገርዎ። በዚያ ካሴት ምን እንዳለችዎ አላውቅም፤ አልነገረችኝም። አንድ ነገር እንደጠየቀችዎ ግን አውቃለሁ። ከካሴቱ በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሲመጣ እጇን ታጥባ ነበር ለመስማት የተቀመጠችው። ስለ ሮከር፣ ስለ ዳዶ፣ ስለ መስታወት አነበብኩላት። አለቀ ስላት “እሺ” አለች። ሁለተኛው ሲመጣ፣ “ካሴቱን ደግሜ ሰማሁት” የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጇን አነሳች። “በቃ፤ ዝጊው። ወንድሜ ለብረት ጆሮ አለው፤ ለእህቱ ግን የለውም” አለችኝ። ሻርፑን አልለበሰችውም፤ ሣጥን ውስጥ ነው። ማታ ማታ ከጎረቤት ጋር በር ላይ ተቀምጣ ማውራትም ትታለች።

አጎቴ፣ እናቴ ስድሳ ዓመት አልፏታል። ከዚህ ቀደም ከእርስዎ አንዳች ነገር ስትጠይቅ አይቼ አላውቅም። እምቢ ማለት መብትዎ ነው። እንዳልሰማ ማለፉ ግን ከእርስዎ የምጠብቀው አልነበረም። በድፍረቴ ይቅር ይበሉኝ።

ጋልያ

*

ሊዮን፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1986

ልጄ ጋልያ

ሰላምታው ይቆየኝ። ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብቢውና ከዚያ ለእሷ እንዴት እንደምትነግሪያት አንቺ እወቂ።

እኔ አልሰማም። ከጥቂት ዓመት በፊት ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ጀመረኝ። የምሠራበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቀጥ የሚውልበት ነው፤ ሁላችንም ጆሯችን ያፏጫል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ከዚያ ፉጨቱም ጠፋ፤ ሌላውም አብሮ ጠፋ። ሐኪሙ ነገሩን ያስረዳኝ በወረቀት እየጻፈ ነው። ስልክ ያልደወልኩት ስለዚህ ነው። ባለፈው በጋም ያልመጣሁት ስለዚህ ነው። ሰዎች እንዲሰማኝ ሲጮሁ ፊታቸው የተቆጣ ይመስላል። መስዑዳ ተቆጥታ ስታናግረኝ ማየት አልፈለግኩም። ደግሞ ያ ቤት ጨዋታ የሚበዛበት ቤት ነው። ሁላችሁም ስትስቁ እኔ መሐል ላይ እንደ ምሰሶ ልቆም?

ካሴቱ ሲደርሰኝ ምን እንደማደርገው ጨነቀኝ። የማደሪያውን ቴፕ ተውሼ ክፍሌ ገባሁ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩትና የጣቶቼን ጫፍ ድምፅ ማውጫው ላይ አደረግኩ። ሞተሩ በእጄ መጣ፤ ምት በምት። ሁለቱ ከባድ ምቶች ጣቴን ይገፉት ነበር። ሕይወቴን ሙሉ በእጄ ስለሠራሁ አልተሳሳትኩም። “ሰማሁት” ብዬ የጻፍኩት ግን ውሸት ነው።

ሞተሩ ሲያበቃ ማውጫው ስስ እያለ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ዜማ የለው፣ ልክ የለው። የግቢያችሁ ነፋስ መሰለኝ። ከደብዳቤሽ እናትሽ እንደተናገረች አውቃለሁ፤ ቃሏ ግን ከየት ጀምሮ የት እንዳለቀ እንኳ በጣቴ መለየት አልቻልኩም። ደህና ነህ ወይ፣ ናፍቀኸኛል፣ ና ብላኝ ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ ለዚያ መልስ የሚሆን ሰላምታ ጻፍኩ። ጥያቄ ይኖርበታል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ሰው እንዲያዳምጥልኝ እንዳልጠይቅ ደግሞ ማደሪያው ውስጥ አለመስማቴን የሚያውቅ የለም፤ ቢያውቁ ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ እፈራ ነበር። አሁን ግን አለቃዬም አውቆታል፤ የጡረታ ወረቀቴ ተጀምሯል።

ምን ብላኝ ነው ጋልያ? እባክሽ ጻፊልኝ። እምቢ ያልኳት ነገር የለም፤ ልላትም አልችልም።

አጎትሽ

*

ዛርዚስ፣ ፌብሯሪ 9 ቀን 1986

የምወድዎ አጎቴ ሆይ

አላህ ያጽናዎ፤ አላህ ያጽናን። ደብዳቤዎን ብቻዬን አነበብኩት፤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ። ከዚያ ገብቼ ለእናቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ምኑን ቀንሼ ምኑን ልተውላት?

“ነፋስ መሰለኝ” የሚለውን እንደገና አስነበበችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳሏ እስኪመጣ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደግሞ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። “እኔ ታናሽ ወንድሜን ስረግመው ከረምኩ፤ እሱ ለካ ጣቱን ድምፄ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር” አለች። ተነስታ ከሣጥኑ ሻርፑን አወጣችና ለበሰችው። እስካሁን አላወለቀችውም፤ ሽንኩርት ስትልጥም በእሱ ናት።

“ምን ነበር ያልሽው? ልጻፍለት” አልኳት። ዞር ብላ የዶሮዎቹን ውሃ ቀየረች። ጓሮውን ጠረገች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነገረችኝ።

አጎቴ፣ ሐጅ ኽሊፋ ለጋብቻ ጠይቋት ነው። ቴፑን ያዋሰን ጎረቤታችን፣ ሚስቱ ከሞተች የቆየችው፣ ድሮ ስፖንጅ ጠላቂ የነበረው። ማታ ማታ በር ላይ ሲጫወቱ የነበረው ለካ ይህን ኖሯል። ማዘጋጃ ቤቱ የወንድም ፈቃድ ግድ አይልም፤ እሷ ግን “ያለ ዳው ቃል አይሆንም” ብላዋለች። በእኔ እንዳታስጽፍ ደግሞ አፈረች። በካሴቱ የጠየቀችዎ ይህን ነው። መልስዎ ሲቀር ወደ ሐጅ ኽሊፋ ሰው ልካ “ወንድሜ አልፈቀደም” አለችው። እሱ ደግሞ ይልክልን የነበረውን ዓሣ አላቋረጠም፤ ከበር ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ይሄዳል። እኔ ዓሣው ለምን እንደሚመጣ አይገባኝም ነበር፤ እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ።

“የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ይላሉ፤ የወንድም ዝምታ ግን እምቢታ ነው ብዬ ወሰድኩት” አለችኝ።

የእኔንም ሐሳብ ካልነገርኩዎ ደብዳቤዬ ሙሉ አይሆንም። መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ወጣሁ፤ ሄጄ ባሕሩ ዳር ቆምኩ። ከባሌ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ እኔና እሷ ነን፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን ታየኝ። በኋላ ግን ዓሣውን አሰብኩት። አንድም ቀን ሳያቋርጥ ማስቀመጡን። እምቢ የምልበት አንደበት አጣሁ።

ቃልዎን እንጠብቃለን።

ልጅዎ ጋልያ

*

ሊዮን፣ ፌብሯሪ 22 ቀን 1986

ለልጄ ለጋልያና ለእህቴ ለመስዑዳ

ሰላም ለሁለታችሁም፤ ከሁሉ አስቀድሞ እሺ። በትልቁ ጽፌዋለሁና መስዑዳ ፊደል ባታውቅም ትየው። እሺ።

ኽሊፋን አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን አንድ ቀን ከውሃ ሥር በጣም ስለቆየ አልቅሰንለት ነበር፤ ወጥቶ ስናለቅስ ሲያየን “ማን ሞተ?” አለን። ትንፋሹ ረጅም ነው፤ የመስዑዳን ጠባይ ይችለዋል። ዓሣውን ባያቋርጥ እመርቀዋለሁ በይው።

ኒካሑን እኔው መጥቼ አስራለሁ። በኤፕሪል ለወር ፈቃድ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ኢማሙ ሲጠይቀኝ መቼ “ሰጥቻለሁ” እንደምል እንዴት አውቃለሁ? ሰው ሁሉ ባለበት እህቴን አሳፍራታለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ዳው

*

ዛርዚስ፣ ማርች 8 ቀን 1986

ለአጎቴ

በመልካም ያምጣዎት። እሺታዎን እናቴ በእጇ ይዛ ዞረች፤ ለፋጥያም አሳይታለች፤ ፋጥያም ማንበብ አትችልም።

ስለ ኢማሙ አያስቡ። እኔ ከኋላዎ ካሉት ሴቶች ጋር እሆናለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ሐጅ ኽሊፋ ራሱ ይጠቅስዎታል። እናቴ ደግሞ “ቢሳሳትም ይሳሳት፤ ጉዳዩ የእኔ እንጂ የኢማሙ አይደለም” ብላለች።

ቱኒስ ወደብ ድረስ በፔጆዋ መጥቼ እቀበልዎታለሁ። መንገዱ ረጅም ነው አይበሉኝ፤ ሞተሯን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጋልያ

*

ሊዮን፣ ሜይ 11 ቀን 1986

ለልጄ ለጋልያ

ጤናሽ ይብዛ፣ ቤትሽ ይሙቅ። በደህና ገብቻለሁ። መርከቡ ላይ የሰጠሽኝን ብሲሳ፣ ያን የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተካፍለን በላን።

እዚያ እያለሁ ያልነገርኩሽን ልጻፍልሽ፤ በአፍ ሲሆን ድምፄ ምን ያህል እንደሚወጣ ስለማላውቅ እቆጠባለሁ። ከወደቡ ስንነሳ መስዑዳ መሐላችን ተቀምጣ ነበር። እስከ ስፋክስ አንድም ጊዜ አፏን አልዘጋችም፤ አይደል? ከተናገረችው ምናልባት ከአሥር አንዱን ከከንፈሯ ለቅሜያለሁ። መሐሬስ ላይ ዓሣ ልንበላ ስንወርድ ክንዴን ይዛ ረጅም ነገር ጠየቀችኝ። እኔም “ጨው አይበዛበትም” አልኳት። አንቺ ሳቅሽ፤ እሷም ሳቀች፤ ምን እንደጠየቀችኝ እስካሁን አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቷን ይህን ያህል ጊዜ አይቼው አላውቅም ነበር። ድሮ እየሰማኋት ወደ ሌላ ነበር የማየው።

ኒካሑንማ አየሽው። ኢማሙ ገና ጉሮሮውን ሲጠራርግ “ሰጥቻለሁ” ብዬ ጮህኩ። ኽሊፋ ደግሞ “ተቀብያለሁ” አለ፤ ሳይጠየቅ። ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ከወለሉ በኩል በእግሬ ተሰማኝ። ኢማሙ ራሱ ጥምጣሙን እያስተካከለ ይስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ ጋልያ፤ ከማንም ኋላ ሳልቀር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጡረታ ወረቀቴ በሴፕቴምበር ያልቃል። መስዑዳ ወደ ኽሊፋ ቤት ሄዳለች፤ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ላይኛዋ ክፍል ባዶ ናት። ስፌት መኪናሽን ሌሊት ብታንኳኪ የማይሰማ፣ ስታንጎራጉሪ የማይከፋ፣ ምግብ የማይመርጥ ሽማግሌ ብታስገቢ ይከብድሻል? ጎረቤት ምን ይላል አትበይ፤ አጎትሽ ነኝ። ከከበደሽ ግን በግልጽ ጻፊልኝ። በኽሊፋ ጓሮ ጎጆ እሠራለሁ።

አጎትሽ ዳው

*

ዛርዚስ፣ ሜይ 27 ቀን 1986

ለአጎቴ ለዳው

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይምጡ።

ሲመጡ ለአንድ ጎረቤት መኪና የሚሆን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይዘው ይምጡ፤ ግቢያችን ውስጥ ተከፍታ ቆማለች። ከሥራ የማሳርፍዎ እንዳይመስልዎ።

እናቴ በየቀኑ ትመጣለች፤ “ባል አገባሁ እንጂ አገር አልቀየርኩ” ትላለች። ላይኛዋን ክፍል ኖራ የቀባናት አብረን ነን። መስኮቷን ወደ ባሕሩ በኩል አሰፋናት።

የውጭውን በር ደወል ነቅዬዋለሁ። ሽቦውን በግድግዳው አስወጥቼ ከላይኛዋ ክፍል አምፖል ጋር አገናኘሁት። ሰው ደጃፋችን ቆሞ የደወሉን ቁልፍ ሲጫን ክፍልዎ ይበራል። እናቴ ሞክሪው ብላኝ ደጅ ወጥቼ ስጫን እሷ ከላይ ሆና በመስኮቱ “መጣሁ” አለችኝ።

ልጅዎ ጋልያ